ካርቶን፣ ብራና፣ ልጥ፣ ብረት፦ እስክንድር ቦጎሲያንና የሥዕል ገላ

ስለ ሥዕል ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ምስሉ ነው። ምን ተሳለ፣ የትኛው ቀለም ጎላ፣ ሠዓሊው ምን ማለቱ ነው እያልን እንከራከራለን። ምስሉ ስላረፈበት ነገር ግን፣ ስለ ሸራው፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ወረቀቱ፣ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ እናልፋለን። ግጥም የሚወድ ሰው በግጥም ላይ ይህን ግፍ አይሠራም። ቃሉንና ዜማውን ትቶ ሐሳቡን ብቻ ይዞ ቢሄድ እጁ ላይ የሚቀረው ግጥም እንዳልሆነ ያውቃልና። ሥዕልም እንዲሁ ገላ አለው። ገላውን ሳያዩ ነፍሱን አየሁ ማለት ያስቸግራል።

ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ሠዓልያን መካከል ይህን የሥዕል ገላ ነገር የዕድሜ ልክ ጥያቄው ያደረገ ሰው ጥራ ብባል፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው እስክንድር ቦጎሲያንን ነው። በውጭው ዓለም «ስኩንደር» በሚለው ስም ይታወቃል። ስለ እሱ በተደጋጋሚ የሚነገረው የዝናው ታሪክ ነው፤ የትኛው ታላቅ ሙዚየም ሥራውን እንደገዛ፣ የት እንደተሸለመ፣ የት እንዳስተማረ። ያ ታሪክ እውነት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ይህች ጽሑፍ ግን በሌላ ጎዳና ትሄዳለች። እጁ ከምን ጋር ይታገል እንደነበር፣ ከካርቶን ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ዛፍ ልጥ፣ ከልጥ ወደ ብረት ሲሻገር ምን ይፈልግ እንደነበር ትከተላለች። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ሲወለድ ከተማይቱ በኢጣልያ ወረራ ሥር ነበረች። አባቱ ኮስሮፍ ቦጎሲያን የአርመን ዘር ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ፀዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። አባትየው በወረራው ምክንያት ለዓመታት በኢጣልያ ታስረው ስለቆዩ ልጁ ባመዛኙ በዘመድ ቤት አደገ። ሥዕልን በመደበኛ ትምህርት ቤት ከመማሩ በፊት ከመሩት ሰዎች አንዱ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። እኚህ ፖላንዳዊ በውኃ ቀለም ይስሉ የነበሩ ከመሆናቸውም በላይ፣ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሊቅ ነበሩ።

በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር በቀረበው ኤግዚቢሽን ላይ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ሁለተኛ ሽልማት አገኘ። ወዲያውም በመንግሥት ወጪ ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ከቆየ በኋላ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ በፓሪስም ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖረ።

በዚያ ዘመን ፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ምሁራን መናኸሪያ ነበረች። ከ1947 ጀምሮ ይታተም የነበረው «ፕሬዛንስ አፍሪኬን» መጽሔት የጥቁርን ሕዝብ ባህልና ነጻነት የሚያነሣው በዚያች ከተማ ነበር። ኩባዊው ዊፍሬዶ ላምና ቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ የሱሪያሊስቶችን የሕልም ቋንቋ የየሀገራቸው መንፈስ እንዲናገርበት አድርገውት ነበር። እስክንድር የእነዚህን ሰዎች ሥራ አጥብቆ አጠና። ሥነ ጽሑፍ ወዳዱን አንባቢ ይበልጥ የሚስበው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የናይጄሪያዊው ደራሲ የአሞስ ቱቱኦላ ተጽዕኖ። ቱቱኦላ የዮሩባን ተረት፣ ያንን መናፍስት የሚርመሰመሱበትን ጫካ፣ ለራሱ አፍ እንዲመች አድርጎ ባጎበጠው እንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ነው። የተቀበለውን ቋንቋ እንዳለ አልተጠቀመበትም፤ ለሚያወራው ታሪክ እስኪበቃ ድረስ አጣመመው። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ በአውሮፓ የቅብ ጥበብ ላይ ሊያደርግ ያሰበውም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እነሆ የመጀመሪያው ቁስ ካርቶን ነው። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ጁጁ በምዕራብ አፍሪካ ክታብን፣ ምትሐትንና እነዚህን የመሰለውን ኃይል ሁሉ የሚጠራ ቃል ነው። ሥራው የተሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በቴምፕራና ብረት መሰል በሆነ ቀለም ነው። «በተቆረጠና በተቀደደ» የሚለውን አንባቢ ልብ ይሏል። መቀስ የቆረጠው ጠርዝ የሰው ፈቃድ ነው። እጅ የቀደደው ጠርዝ ግን ግማሹ የካርቶኑ ፈቃድ ነው። ካርቶን ሲቀደድ እንደታዘዘው አይሄድም፤ ንብርብሩ ይገለጣል፣ ጭረቱ ይወጣል፣ ያልታሰበ ኩርባ ይፈጠራል። ሠዓሊው ያንን ኩርባ ተቀብሎ በላዩ ላይ ይሳል ወይስ አስተካክሎ ያጥፋው? በቅይጥ ቁስ መሥራት ማለት ይህን ጥያቄ በየደቂቃው መመለስ ነው። እስክንድር ጃዝን የሚወድ ሰው ነበር። የጃዝ ተጫዋች ከጓደኛው መሣሪያ የሰማውን ያልተጠበቀ ድምፅ አንሥቶ እንደሚቀጥለው ሁሉ፣ እሱም ከካርቶኑ የመጣለትን ቅርጽ እያነሣ የቀጠለ ይመስላል።

በዚያው ዓመት የተሠራውና አሁን በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ደግሞ በሸራ ላይ የተሠራ የዘይት ቅብና ኮላዥ ነው። በጨለማው ሰማይ ክንፍ ያላቸው ፍጡራን ይንሳፈፋሉ፤ ገላቸው በጥቃቅን ነጠብጣብና በመስመር ተጠልፏል። በርቀት ሲታይ የከዋክብት ሰማይ ነው፤ ሲቀርቡት ጨርቅ፣ ወይም ላባ፣ ወይም የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ዓይን አንድ ቦታ ላይ ሊያርፍ አይችልም።

ከአፍሪካ ዘመናዊ ሠዓልያን መካከል የፓሪሱ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም የኒው ዮርኩም ሥራቸውን ከገዟቸው ሰዎች የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ስሙ በውጭ እንዲህ ገኖ ሳለ በ1966 ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በማግስቱ ዓመትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዚያው ያስተምር ነበር። ዘመኑ «ይህ ሥዕል የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?» የሚባልበት ዘመን ነበር። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ጥርስ ነበረው፤ ውጭ ተምሮ የመጣን ሰው ከሀገሩ ጥበብ ደጅ አውጥቶ የሚያቆም ጥያቄ ነው። እስክንድር መልሱን የሰጠው በንግግር አልነበረም። የደብተራውን ብራና ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባ።

እዚህ ላይ ጠልሰም ያለበት የክታብ ጥቅል እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይነከራል። በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ደርቆ ሲነጣ ብራና ይባላል። አንዳንዴ ቆዳው ለታማሚው ሲባል ከታረደው እንስሳ የተገኘ ነው። ብራናው በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። በጥቁር ቀለም ጸሎቱ፣ በቀይ የቅዱሳን ስምና የባለቤቱ ስም ይጻፋል። በየመካከሉ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን ይሳላል። ያ ዓይን ለጌጥ አልተሳለም። ታማሚው ሲያየው፣ በታማሚው ዓይን ተደብቆ የሚያየው ዛር ወይም ቡዳ ደንግጦ እንዲሸሽ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጥበብ ቁሱን ከምስሉ የሚለይ ድንበር የለም። ቆዳው የመሥዋዕቱ ነው፣ ርዝመቱ የታማሚው ነው፣ ቀለሙ የጸሎቱ ነው። ይህን ጥቅል አስፍቶ ወደ ሸራ የሚገለብጥ ሰው ምስሉን ያድናል፤ ነገሩን ግን ያጠፋል። እስክንድር በፍየል ቆዳና በብራና ላይ መሥራት ሲጀምር የተረዳው ይህን ይመስለኛል። ብራና እንደ ሸራ ታዛዥ አይደለም። የጠጉሩ ወገንና የሥጋው ወገን ቀለምን እኩል አይጠጡም። ርጥበት ሲነካው ይኮማተራል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይጎብጣል፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ የቆሰለበት ጠባሳ እንኳ በላዩ ላይ ይታያል። ያንን ጠባሳ የማያይ ሠዓሊ ብራና አልተጠቀመም፤ ውድ ወረቀት ነው የተጠቀመው።

ልዩነቱ እንዲታይ አንድ ነገር ላንሣ። በአዲስ አበባ የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ሞልቷል፤ ንግሥት ሳባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የዓድዋ ጦርነት። ሠሪዎቹ እንጀራቸውን የሚያበስሉበት ነውና አይነቀፉም። ነገር ግን እዚያ ቆዳው «ይህ ከአፍሪካ የመጣ ነው» የሚል ማኅተም ሆኖ ያገለግላል እንጂ ከምስሉ ጋር ምንም ውል የለውም። ምስሉ በወረቀት ላይ ቢሆን አንዳች አይጎድልበትም። ጥንታዊ ቁስ መጠቀም ብቻውን ቅርስ ጠባቂ እንደማያደርግ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

እስክንድር ከደብተራው ዓይኑን፣ ኮከቡን፣ ሐረጉን ወሰደ፤ ጸሎቱን ግን አልጻፈም። የታማሚው ስም የሚገባበት ስፍራም በእሱ ሥራ ባዶ ነው። አንዳንዱ ይህን ጉድለት ሊለው ይችላል፤ ጠልሰሙ ፈውሱን ተነጥቆ ጌጥ ሆነ ብሎ። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ባዶው ስፍራ ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስሙ ያልተጻፈበት ክታብ የማንም አይደለም፤ ፊቱ የሚቆም ሁሉ ግን የእኔ ይሆን እንዴ ብሎ ይጠይቃል። ያ ዓይን እኛንም ያያል።

ከሦስት ዓመት ያህል ማስተማር በኋላ እንደገና ከሀገር ወጣ። በ1970 አሜሪካ ገባ፤ በመጀመሪያ አትላንታ፣ ቀጥሎም ዋሽንግተን ዲሲ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ዘለቀበት። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ ዋሽንግተን እንደ እሱ ላሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከመማሪያ ከተማነት ወደ መኖሪያነት ተለወጠች። ከአብዮቱ በፊት፣ በ1972 እና በ1973፣ የሠራው ታላቅ የዘይት ቅብ «የመጀመሪያው መጨረሻ» ይባላል። ትንቢት ነበር ማለት ይቀናናል፤ ርእሱ ብቻውን ያጓጓልና። በ1977 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ዘረኝነትን ለመታገል ካወጣው ቴምብር ጋር ለተዘጋጀው የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ንድፉን ሠራ። በጣት በምትለካ ወረቀት ላይ መሥራትም የሙያው አካል ነበር።

በስደት ላይ ሳለ የተገናኘው ሦስተኛው ቁስ ልጥ ነው። በሀገራችን ልጥ ማሰሪያ ነው፤ ጭነት ይታሰርበታል፣ አጥር ይማገርበታል፣ ሬሳም ይገነዝበታል። «ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» የሚለው አነጋገራችን የቀረበን ሞት የሚያመለክተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በሌሎች የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ግን ልጥ ልብስም ነው። በኡጋንዳ የቡጋንዳ ሰዎች የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ውስጠኛውን ልጥ ገፈው በእንጨት መዶሻ ደጋግመው እየቀጠቀጡ ሰፊና ለስላሳ የሆነ፣ ቀይ አፈር የመሰለ ጨርቅ ያወጡለታል። ይህ ጥበብ በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

እስክንድር የዛፍ ልጥን ለሥዕል ሲያውለው፣ ለምሳሌ በ1980ዎቹ መባቻ በሠራው «የጊዜ ዑደት 3»፣ ብሩሹን አሳርፎታል ማለት ይቻላል። ምስሉ በቀለም ተቀብቶ አልመጣም፤ ቁሱ ራሱ ተጭኖና ተገፍቶ ቅርጹ ከውስጥ ወደ ላይ ጎላ ብሎ ወጣ። ቀለሙ የዛፉ ቀለም ነው፤ መስመሩ የብርሃንና የጥላ መስመር ነው። ከካርቶኑ ጋር ስናስተያየው ጉዞው ይገባናል። በ1964 ቀለም በካርቶኑ ላይ ያርፍ ነበር፤ አሁን ግን በላይና በታች የሚባል ነገር የለም። ምስሉና ገላው አንድ ሆነዋል።

ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ሳያስብ አይቀርም። ወርቅ አንጥረኛው የሰሙን ቅርጽ በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ያቀልጠውና ባዶው ላይ ወርቁን ያፈስሳል፤ ሰሙ ይጠፋል። ጥሩ የቅኔ ሰሚ ግን ወርቁን ካገኘ በኋላም ወደ ሰሙ ይመለሳል፤ የሰሙ ውበት ከሌለ ወርቁ ደረቅ ምክር ነውና። እስክንድር ሰሙን ለማቅለጥ እምቢ ያለ ሠዓሊ ነው። ልጡም፣ ቆዳውም፣ የተቀደደው ጠርዝም ከትርጉሙ ጋር አብረው እንዲታዩ ይፈልጋል።

አራተኛውና የመጨረሻው ቁስ፣ እጅግ የራቀው፣ አሉሚኒየም ነው። በ2001 በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ላይ «ኔክሰስ» የተባለ ሥራ ተሰቀለ፤ መተሳሰሪያ፣ መገናኛ እንደ ማለት ነው። ከ15 ሜትር በላይ ርዝመትና ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው የብረት ቅርጽ ነው። አብራው የሠራችው ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ናት፤ በሶማሊያ የእስር ዓመታትን አሳልፋ አሜሪካ የገባች፣ በሃዋርድ የተማረች፣ በግጥሟም የምናውቃት። ሁለቱ በግድግዳው ላይ የክርስትናን፣ የእስልምናን፣ የአይሁድ እምነትንና የሀገር በቀል እምነቶችን ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችን፣ የዕለት መገልገያዎችን፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን አሰባሰቡ።

ይህ ሥራ ከአንድ ሰው የሥዕል ክፍል ወጥቶ ወደ ንድፍ ዓለም የተሻገረ ነው። ንድፍ ማለት እዚህ ላይ አስቀድሞ መወሰን ነው። ብረት እንደ ካርቶን ተቀዶ «እስቲ የሚመጣውን እንይ» አይባልበትም። እያንዳንዱ ቅርጽ በወረቀት ተነድፎ፣ ተለክቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ታውቆ ነው የሚቆረጠው። የሕንጻው ግድግዳ፣ የመንግሥት ደጅነቱ፣ የሚያልፈው ባለጉዳይ ሁሉ ይታሰባል። ሆኖም ብረት ቀለም ባይጠጣም ብርሃን ይቀበላል። ጠዋትና ማታ ጥላው ይዞራል፤ ቅርጾቹ አንዴ ይቀርባሉ፣ አንዴ ይርቃሉ። ካርቶኑ ለእጁ ሰጥቶት የነበረውን ያልታሰበ ነገር እዚህ ፀሐይ ትሰጠዋለች።

ጥቅሉ በአንድ ሰው ቁመት ልክ ይቆረጥ እንደነበር አስታውሱ። ይህ ግድግዳ በማን ቁመት ልክ ተቆረጠ? ቪዛ ሊያስመታ፣ ፓስፖርት ሊያሳድስ፣ ውክልና ሊሰጥ በዚያ ደጅ የሚያልፈው ስደተኛ ሁሉ ከነልዩነቱ አንዱን ምልክት የእኔ ነው ሊለው ይችላል፤ ጎረቤቱ ሌላውን። በብራናው ላይ ባዶ ሆኖ የቆየው የባለቤት ስም በዚህ ብረት ላይ በብዙ ምልክት ተሞልቷል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ይህ ከተሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2003፣ እስክንድር በዋሽንግተን ዐረፈ።

ከእሱ በኋላ መንገዱ አልተዘጋም። በአዲስ አበባ ተማሪው የነበረው ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ እየሰነጠቀ፣ ቆዳ እየወጠረ በላዩ የጠልሰምን ዓለም ሣለ። ሌላው ተማሪው ወሰኔ ኮስሮፍ የፊደልን ገላ ራሱን የሥዕሉ ቁስ አደረገ። በ1968 የተወለደው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚገዛቸውን የተጣሉ የኮምፒዩተር ሽቦዎችና ሰሌዳዎች እየሸመነና እየገጣጠመ ሰፋፊ ሥራዎችን ይሠራል። ኤልያስ የእስክንድርን ምልክቶች አይደግምም፤ ሊደግምም አይገባውም። ነገር ግን ቁሱን በሚጠይቀው ጥያቄ ይዛመዳሉ። ይህ ነገር ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ? ከእኔ በፊት ምን ነበር?

ለዚያ የቀድሞ ክርክር፣ «የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ?» ለሚለው፣ የእስክንድር የሥራ ጉዞ የሚሰጠው መልስ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አለ። ብራናው የኛ ስለሆነ ሥዕሉ የኛ አልሆነም፤ አሉሚኒየሙ ከፋብሪካ ስለወጣም ባዕድ አልሆነም። ሠዓሊው ቁሱን በምን ያህል ትዕግሥት እንዳዳመጠው ነው የሚለየው። ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ ሥዕል ፊት ስንቆም፣ «ምን ማለቱ ነው?» ከማለታችን በፊት «ከምን ተሠራ?» ብለን ብንጀምር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምናገኘው መልስ ይበልጥ የጠለቀ ይሆናል።